በኑራ ስም «አለሁ» ያልኩባቸው ሰባት ሳምንታት

ዕድሜዬ ሠላሳ አራት ነበር፤ በመዝገብ ላይ ግን ለሰባት ሳምንታት የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ተምሬያለሁ። እናትና አባቴ ሙሉእመቤት ብለውኛል፤ የሥራ ቤቴ ሰዎች አጠር አድርገው ሙና አሉኝ፤ በኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ኑራ ነበርኩ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ ከሁሉ አስቀድሜ የምቆጣውም በራሴ ላይ ነው።

ነገሩ የሆነው በኮሮና ጊዜ፣ አቡ ዳቢ፣ ባኒያስ ውስጥ ነው። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ደብረ ብርሃን አካባቢ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ። ለምን ጠመኔዬን ጥዬ የሰው ቤት መጥረጊያ እንደጨበጥኩ አልዘረዝርላችሁም፤ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ስመዘገብ ኤጀንሲው ውስጥ የነበረችው ሴት «ተምሬያለሁ ካልሽ ትዕቢተኛ ናት ብለው አይወስዱሽም» ብላ በፎርሜ ላይ «ስድስተኛ ክፍል» ብላ ሞላችልኝ። እኔም ዝም ብዬ ፈረምኩ። የዚያች ፊርማ መዘዝ ነው እንግዲህ ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣብኝ።

ኑራ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት። ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር፤ አምስተኛ ክፍል። ቀጭን፣ ጥፍሯን የምትበላ፣ ሰው ሲቆጣ ዓይኗን ግድግዳ ላይ ተክላ የምትቀር ልጅ። ትምህርት ቤቷ በግምገማ ዝቅተኛ ውጤት ካመጡት አንዱ ነበር። መንግሥት እንዲህ ላሉ ትምህርት ቤቶች ልጆች ከመደበኛው ክፍል በኋላ ነፃ ማጠናከሪያ መደበላቸው፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ አንድ ሰዓት፣ በኮምፒውተር። ቦታው ጥቂት ስለሆነ ወረፋ ነበረው። ሦስት ጊዜ የቀረ ልጅ ይሰረዝና ቦታው ለተረኛው ይሰጣል። ሐሳቡን ያመጣው ሰው ይባረክ፤ ከሐሳቡ ጋር ፀብ የለኝም።

ኑራ በመጀመሪያው ቀን አለቀሰች። በሁለተኛው ቀን ኮምፒውተሩን ከድና አልጋ ሥር ገባች። በሦስተኛው ቀን እናቷ፣ ማዳም፣ እኔን ጠራችኝ።

«ሙና፣ ይቺን ታያለሽ? ሰዓቱ ሲደርስ እዚህ ጋ ትጫኛለሽ። ካሜራ የለም፣ ድምፅ የለም። ኑራ ሲሉ ‹የስ ሚስ› ብለሽ ትጽፊያለሽ። ኸላስ፣ በቃ።»

«ኑራስ ማዳም?»

«ደክሟታል። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ተጥዳ ነው የዋለችው፤ ሀራም አይደለም? ስሟ እንዳይሰረዝ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም። ስታመም ሐኪም ቤት የወሰደችኝ ራሷ ነች። ችግሯ እፍረት ነው። የእህቶቿ ልጆች ስመ ጥር ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ የእሷ ልጅ የሰነፎች ማጠናከሪያ ውስጥ መግባቷ እንዲታወቅ አትፈልግም፤ ነፃ ቦታ ሰጥተዋት ይህን ናቀች እንዳትባል ደግሞ መሰረዙንም አትፈልግም። በሁለቱ መሃል እኔን አስቀመጠችኝ።

ልብሱን ሳሰጣ ለጎረቤቴ ለጽጌ በአጥሩ በኩል ብነግራት በሳቅ ልትወድቅ ሆነ። ጽጌ የወልዲያ ልጅ ናት፤ አጠገባችን ካለው ቪላ ነው የምትሠራው።

«ሙልዬ ሙች፣ አንቺ ገና ዛሬ ነው የገባሽው? እኔ ከጀመርኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው! እናቴ ከሦስተኛ ክፍል አስወጣችኝ፣ ኮሮና ስድስተኛ አስገባኝ» አለች።

«እኔ የምለው፣ ልጆቹስ?»

«ልጆቹማ ይጫወታሉ። ያላ፣ አንቺ ደግሞ! ለአንድ ሰዓት ኤሲ ሥር ተቀምጠሽ ማረፍ ጠላሽ?»

እውነቷን ነው፣ አልጠላሁም። የመጀመሪያውን ሳምንት እግሬን ዘርግቼ አረፍኩ፤ ቆሜ የምውል ሰው ነኝና። አስተማሪዋ ሚስ ሂባ ትባላለች። ድምጿ ለስለስ ያለ፣ ለባዶ ስክሪን እንኳ «ደህና ናችሁ ልጆቼ?» የምትል ሴት ናት። ሒሳቡን የምታስተምረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔም ያስተማርኩበት ቋንቋ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ሰማንያ አራት ለስድስት ሲካፈል ስንት ነው ብላ ጠየቀች። ማንም ዝም። እንደገና ጠየቀች፤ ዝም። ከዚያ አንዱ «አሥራ ሁለት» ብሎ ጻፈ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ ያመለጠኝ ጣቴ ነው። «አሥራ አራት» ብዬ ጻፍኩ።

«ኑራ! ማሻአላህ! እንዴት አገኘሽው?»

እንዴት እንዳገኘሁት ጻፍኩላት። ስልሳውን በአሥር በአሥር፣ ሃያ አራቱን በአራት በአራት። የሚስ ሂባ ደስታ በድምጿ ውስጥ ተሰማኝ። እኔማ እንዴት ልንገራችሁ! ሦስት ዓመት ሙሉ «ሙና ሻይ፣ ሙና ጫማ፣ ሙና በሩን» ብቻ የሰማ ጆሮ «ጎበዝ» ሲሰማ እንባዬ ነው የመጣው። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ? ሥራዬን አጣድፌ ጨርሼ ሰዓቱን እጠብቃለሁ። እመልሳለሁ፣ ለሌሎቹ አስረዳለሁ፣ የቤት ሥራ እልካለሁ። በሰባተኛው ሳምንት ኑራ ከምድቡ አንደኛ ነበረች። እውነተኛዋ ኑራ ግን በሚቀጥለው ክፍል ትራስ ተደግፋ፣ ሰባት ጊዜ ስድስት ስንት እንደሆነ ሳታውቅ፣ ጨዋታዋን ትጫወታለች። ጥፋቴ ይህ ነው። ዝም ብል ኖሮ ስንፍናዋ ስንፍና ሆኖ ይታይና አንድ ሰው ይደርስላት ነበር፤ እኔ ጎበዝ አድርጌ ደበቅኋት።

አንድ ሐሙስ፣ ያኔ የዚያ አገር የዕረፍት ቀናት የነበሩትን ዓርብና ቅዳሜን ለማሳለፍ ወደ አል ዐይን፣ ወደ ማዳም እናት ቤት መንገድ ጀመርን። ቤቱ አል ጃሂሊ ምሽግ አጠገብ ነው። ማዳም ትነዳለች፣ እኔና ኑራ ከኋላ ነን፤ ሦስታችንም ማስክ አድርገናል። ባኒያስን ለቀን በረሃው ሲጀምር የማዳም ስልክ ጮኸ፤ በመኪናው ድምፅ ማጉያ ተከፈተ። ሚስ ሂባ ነበረች።

«እንኳን ደስ አላችሁ! ኑራ በሚገርም ሁኔታ ተሻሽላለች። ማጠናከሪያ ስለማያስፈልጋት እሑድ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜዋ ይሆናል፤ ቦታዋን ለተረኛ ልጅ እንሰጣለን። እሑድ ዕለት ኃላፊዎች እንግዳ ሆነው ይገባሉ። ኑራ ካሜራዋን ከፍታ አንድ ጥያቄ ትሠራላቸዋለች።»

ማዳም አመሰገነች፤ ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

«ሙና። ምን አደረግሽ?»

«መለስኩ ማዳም።»

«ማን መልሺ አለሽ?»

«ማንም።»

«ወረቀትሽ ላይ ስድስተኛ ክፍል ይላል እኮ!»

«መምህርት ነበርኩ። የሒሳብ።»

መኪናውን ዳር ይዛ ታቆማለች ብዬ ፈራሁ፤ አላቆመችም። ኑራ ግን ማስኳን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ አየችኝ።

«ስለዚህ ሰዎቹ እኔን... ክሌቨር ነኝ ብለው ነው የሚያስቡት?» አለች። የጠየቀችኝ በተስፋ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ያን ያህል የጎዳኝ ጥያቄ የለም።

አል ዐይን ስንደርስ ማዳም ወደ ጓዳ ጠርታ አዘዘችኝ። እሑድ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ወረቀትና ወፍራም እስክሪብቶ ይዤ እቆማለሁ። ጥያቄው ሲመጣ መልሱን ጽፌ ለኑራ አነሣላታለሁ። «ልጄ ሰው ፊት ከተዋረደች ሰኞ ትኬትሽን እቆርጣለሁ» አለች። በእሷ ቤት ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው። የሷ ልጅ ግን በሦስት ቀን ውስጥ ቦታዋን ልታጣ ነው፣ ያውም ሳትማርበት።

ዓርብ ጠዋት ኑራን ከቤቱ ኋላ፣ ከተምር ዛፎቹ ሥር ምንጣፍ አንጥፌ አስቀመጥኳት።

«አልችልም» አለች ገና ሳልጀምር። «እኔ ስቱፒድ ነኝ። ትምህርት ቤታችን የስቱፒዶች ነው፤ የአክስቴ ልጆች ነግረውኛል።»

«ተምር መቁጠር ትችያለሽ?»

«እሱንማ ማንም ይችላል።»

ሰማንያ አራት ተምር ቆጠረች። ስድስት ሳህን ደረደርኩላት። በመጀመሪያ አንድ አንድ እያለች ማደል ጀመረች። «በዚህ አካሄድ መሽቶ ይነጋል፤ ስንት ስንት ብትሰጪ ይፈጥናል?» አልኳት። አሰበች። «አሥር አሥር።» አደለች፤ ሃያ አራት ተረፈ። ሃያ አራቱን ስታይ ጥፍሯን ከአፏ አወጣች። «አራት አራት!» አለች፤ ከዚያ ሳህኑን ቆጠረች። «አሥራ አራት። ይሄው ነው? በቃ ይሄ ነው?»

«ይሄው ነው።»

ይደሰታል ብዬ የጠበቅሁት ፊት በንዴት ቀላ። «ታዲያ ለምን ማንም አልነገረኝም!» ብላ ጮኸች። ሰባት ሳምንት ሙሉ የሚነግራት ሰው ነበር፤ ወንበሯ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ጩኸቷን ሰምተው የማዳም እናት መጡና ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ማንበብ የማይችሉ፣ ተጫዋች አሮጊት ናቸው። ከሳህኑ አንዲት ተምር አንሥተው ጎረሱ። ኑራ አያቷን «ጀዳ! ሰማንያ ሦስት አደረግሽው!» ብላ ተቆጣች። እንደገና አካፈለች፤ አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት ሆነና አምስት ተረፈ። «አይካፈልም፣ ጀዳ አበላሸችው» አለች። «አልተበላሸም፤ የተረፈው ቀሪ ይባላል። ቀሪውንም አብረሽ ትናገሪያለሽ» አልኳት። አሮጊቷ ፍሬውን ተፍተው «በይ፣ ሌላም ልብላልሽ» አሉ። ያን ቀን ምሳ እስኪደርስ ምንጣፉ ላይ ነበርን። ቅዳሜም ዋልን። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ትምህርቱ ወደ ስክሪን ከገባ ጀምሮ ማንም አጠገቧ አልተቀመጠም፤ በቃ ይኸው ነው። ከስድስት በላይ ያለውን ማባዛት አታውቅም ነበር፤ እሱን ስትይዝ ሌላው ተከተለ።

እሑድ ባኒያስ ተመለስን። ሰዓቱ ደረሰ። ኑራ ካሜራው ፊት፣ እኔ ወረቀቴን ይዤ ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ማዳም በሩ ላይ። ትንሽ ወደ ጎን ወጣ ብዬ ስለቆምኩ ስክሪኑ በከፊል ይታየኛል። ብዙው ሳጥን ጥቁር ነው፤ ስም ብቻ። ከእያንዳንዱ ጥቁር ሳጥን ጀርባ ማን እንደተቀመጠ እያሰብኩ ሳጥኖቹን መቁጠር ጀመርኩ። እንግዶቹ ተራ በተራ ስለ ፕሮግራሙ ስኬት ተናገሩ። የተገኙት ተማሪዎች ቁጥር አንድም ቀን እንዳልጎደለ አንዱ ኃላፊ በኩራት ገለጸ። እንዴት ይጎድላል? እኛ ሠራተኞች ቀርተን እናውቃለን?

ከዚያ ጥያቄው መጣ። መቶ ዘጠና ስድስት ለስምንት።

ኑራ ደረቀች። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ተተከለ። እኔ መልሱን ጽፌዋለሁ፤ ሃያ አራት፣ ቀሪ አራት። ማዳም በዓይኗ አንሺው አለችኝ። አልዋሽም፣ እጄ እስከ ግማሽ ተነሥቶ ነበር። ኑራ አየችኝና ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አይሆንም። ወረቀቱን አወረድኩት።

ጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ ተምር የሚያድሉ ይመስል ተንቀሳቀሱ። ደቂቃ አለፈ። ኃላፊው ሳቅ ብሎ «ትንሽ ተጨንቃለች መሰለኝ፤ ጊዜ ስለሌለን እናመስግናትና እንለፍ» አለ።

«ቆይ!» አለች ኑራ። «ሃያ ሃያ ሰጠሁ። ሠላሳ ስድስት ቀረኝ። አራት አራት ሰጠሁ። ሃያ አራት፤ አራት ደግሞ ቀሪ።»

«ትክክል!» አለች ሚስ ሂባ። አጨበጨቡ። ማዳም እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ኃላፊው «ይኸው! የሰባት ሳምንት ሥራችን ፍሬ!» አለ።

«ሚስ፣ አልጨረስኩም» አለች ኑራ። «ይህን የተማርኩት ዓርብ ነው። ሰባቱን ሳምንት እኔ አልነበርኩም፤ ሙና ነበረች። እኔ ገና አልተማርኩም። እባካችሁ ቦታዬን ለሌላ አትስጡብኝ...»

ስክሪኑ ላይ የማይክሮፎኗ ምልክት በቀይ ተሰረዘ። ከወዲያ በኩል ዘግተውባት ነው። እኔና ማዳም እንሰማታለን፤ ወዲያ ግን አፏ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለም። ኃላፊው «ልጆች ቀልድ ይወዳሉ» አለ፤ ሳቁ፤ አመሰገኑ፤ አንድ በአንድ ከስክሪኑ ጠፉ። አንድ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተምራ በራሷ አፍ እውነት ስትናገር፣ የዘጋት እሷን ለማስተማር የተቀመጠው ሰው ነው። እኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ተቆጥቼ አላውቅም።

ሚስ ሂባ ብቻ ቀረች። «ሙና፣ አለሽ?» አለች። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ወጥቼ ፊቷ ቀረብኩ።

«ካወቅሁሽ ቆየሁ» አለች። «የአሥር ዓመት ልጅ ለጓደኞቿ እንደዚያ አታስረዳም። ሌሎቹንም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

ዓይኗን ሰበረች። «የምልከው ቅጽ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቁኝ፤ ተገኝቷል ወይስ አልተገኘም። ክፍሌ ከጎደለ እኔም እሰረዛለሁ።»

የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ማለት ይሄ ነው። እናት ለአስተማሪ፣ አስተማሪ ለኃላፊ፣ ኃላፊ ለበላዩ ይመሰክራል፤ በመካከሉ ልጅቷን የጠየቃት ሰው የለም። እኔም ከመስካሪዎቹ አንዷ ነበርኩ።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። ማዳም ደጃፌ ላይ ቆመች፤ ሻንጣውን አየችው።

«ፍቺው» አለች። «ከዐስር በኋላ ኑራን አንቺ ታስተምሪያታለሽ። ለእህቶቼ ግን እንዳትናገሪ።»

ምሕረት ነው ስድብ? ሁለቱም ነው። አመስግኜ ፈታሁት። ኮንትራቴ እስኪያልቅ፣ ለአንድ ዓመት ከአራት ወር፣ በየቀኑ ከዐስር በኋላ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ጽጌም የጎረቤቱን ልጅ በአጥሩ በር ይዛ መምጣት ጀመረች፤ ልጁ ሲማር እሷም አብራ ተማረች፤ በተለይ በክፍልፋይ በረታች።

አሁን ደብረ ብርሃን ነኝ፤ ጠመኔዬን ይዣለሁ። «እዚያማ አረቦች ናቸው፣ ምን ይደረግ» ብላችሁ እንዳትፈርዱ፤ ነገሩ የአገር ጉዳይ አይደለም። ባለፈው ዓመት እኛም ትምህርት ቤት ለደካማ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ክፍል በመንግሥት ተከፈተ። ርእሰ መምህሩ ወረዳ ሊመጣ ነው ብለው የስም መቆጣጠሪያውን ሙሉ አድርጌ እንድሞላ ጠየቁኝ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ዘጠኝ ልጆች ናቸው። ዘጠኝ ብዬ ሞላሁ። «ምነው መምህርት፣ አንቺን ምን ይጎዳሻል?» አሉኝ። የሚጎዳኝን ነገር ብነግራቸው አያምኑኝም ነበር፤ ለእናንተ ነው የጻፍኩት። ልጅ ያላችሁ፣ የምታስተምሩ፣ ሪፖርት የምትፈርሙ ሁሉ፣ እባካችሁ «ተገኝቷል» ከሚለው ቃል ጀርባ ማን እንደተቀመጠ ገልጣችሁ እዩ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ቀረሁ። ከዚያ እሑድ በኋላ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ለኑራ የምስክር ወረቀት መጣ። ስሟ በወርቅ ቀለም ተጽፏል፤ ማጠናከሪያውን በላቀ ውጤት አጠናቃለች ይላል። ቦታዋን ሌላ ልጅ ወስዶታል፤ በእሱም ስም ማን እንደተቀመጠ እግዜር ይወቅ። ማዳም ሳሎን ልትሰቅለው ሚስማር ስትፈልግ ኑራ ወረቀቱን ይዛ ወጥ ቤት መጣች። እጄ እርጥብ ነበር፤ እስክጠርገው ጠበቀችኝ።

«ይሄ ያንቺ ነው፣ ውሰጂው» አለችኝ። «ስሜን ግን መልሺልኝ።»